ግልበጣ

በየሦስት ሰዓቱ ሰው ካልገለበጠኝ
የተኛሁበት ጎን ገላዬን ይበላል።
ፍራሽም ጥርስ አለው፤ ይህን የማያውቅ ሰው
መኝታን ዕረፍት ይላል።

ተራራው ላይ ባለው የእንክብካቤ ቤት
ሃያ ሁለት ዓመት ጣራ ቆጥሬያለሁ።
እዚያም ይገለብጡኝ ነበር፣ ለምን እዋሻለሁ?
እንደ መዝገብ ገጽ፣ እንደ እርጥብ ብርድ ልብስ፣
ስሜ የአልጋ ቁጥር፣
እጃቸው ላይ ጓንት፣ ጓንታቸው ላይ ጥድፊያ።

አሁን ኢንቾን ነኝ፣ ወደቡ ዳር፣
የበረዶ ማከማቻ በነበረች አንዲት ክፍል።
ደረጃ የላትም፤ የመረጥኳት ለዚያ ነው።
ግድግዳዋ ይሻግታል፣ ኪራይዋ ይከብዳል፣
በሯ ግን የእኔ ነው፣ ከውስጥ ይዘጋል።
መዝጋት ባልችል እንኳ
«ዝጉልኝ» እላለሁ፤ ይዘጋልኛል።

አልጋዬ ትይዩ የቀን መቁጠሪያ አለ፣
በየዕለቱ ሣጥን የአንድ ሰው ስም ያለበት።

ሰኞ ማል-ጃ ናት፣ ከዓሣው ገበያ፣
ብርድ የበላው እጇን በብብቷ አሙቃ።
«ይቅርታ፣ ዓሣ ዓሣ እሸታለሁ» ትላለች፤
«ባሕሩ መጣልኝ» እላታለሁ።

ማክሰኞ ሙን-ጋፕ። መብራት አያበራም፤
ዓይነ ስውር ለማን ብሎ ያብራ?
«እዚህ ጋ ቀልቷል» ይላል፣ ቀለም ዳስሶ!
ቁስል ሳይቆስል በፊት ጣቱ ይሰማዋል።

ረቡዕ ቢሽኑ፣ ወረቀት የሌለው ኔፓላዊ፣
አውራ ጣቱን ለፋብሪካ ማሽን ትቶ የወጣ።
በር በተንኳኳ ቁጥር እሱ ከአልጋዬ ሥር፣
እኔ ከአልጋዬ ላይ «ማነው?» እያልኩ።
እሱ ያነሣኛል፣ እኔ እሸሽገዋለሁ፤
ማን ማንን እንደ ተሸከመ
ሚዛን ያለው ይመዝን።

ባለፈው ማክሰኞ ባቡር አቆምን።
አሳንሰር በሌለው ጣቢያ፣ በሥራ መግቢያ ሰዓት
ወንበሬን በሩ መሐል ሰነቀርነው።
«እኔ ምን አደረግኋችሁ? አረፈድኩ!» አለ ባለ ከረቫቱ።
እውነቱን ነው፣ ምንም አላደረገም።
«እኔም አርፍጃለሁ» አልኩት፣ «ሃያ ሁለት ዓመት።»

የፖሊሱ መኪና ለወንበሬ መወጣጫ አልነበረውም፤
ለእስር እንኳ ሳልበቃ ቀረሁ።
ሙን-ጋፕን ወሰዱት፣ ስልኩን በረበሩት፦
«ዛሬ ሌሊት ስምንት ሰዓት፣ ግልበጣ። እንዳትረሳ።»

መርማሪው ብዕሩን አነሣ።
«ማንን ነው የምትገለብጡት?»
«ቦክ-ሬን።»
«በምን ኃይል?»
«በሁለት እጅና በአንድ ትራስ።»
«ስንት ናችሁ?»
«ስድስት። እሑድ ሰው ጎድሎናል፤ አይመችህም?»

ያን ሌሊት በግራ ጎኔ ነበርኩ።
ስምንት ሰዓት አለፈ። ዘጠኝ። ዐሥር።
ዳሌዬ ፍም ሆነ።
ጣቢያው ሙሉ ሰው ፊት «ነጻነት!» ያለ አፌ
«ድረሱልኝ» ለማለት ተሳሰረ።
ሰው ማስቸገር... ተራራው ላይ የተማርኩት እሱን ብቻ ነው።

ዐሥር ተኩል ላይ ጮኽኩ።

የላይኛዋ ሴትዮ፣ ስሟን የማላውቃት፣
«ዝም በሉ» እያለች በመጥረጊያ እንጨት
ወለሏን ስትደበድብብን የኖረች፣
በሌሊት ልብሷ ወረደች።
በሩ ላይ ቆመች፣ አየችኝ፣
«በየት በኩል ልያዝሽ?» አለች።

አስተማርኳት። አንዱን እጅ ከትከሻዬ ሥር፣
አንዱን ከዳሌዬ፤ «ትንፋሼን ጠብቂ፣
ሳወጣው ግፊ።»
ገፋች። አቃሰተች። እኔም አቃሰትኩ።
የሻገተው ግድግዳ ሄደና
መስኮቱ መጣ።

ሲነጋ ሙን-ጋፕ በከዘራው መንገዱን እየነካካ ደረሰ፣
ማል-ጃም የገበያ ቦቲዋን እንዳደረገች።
የእሑድ ሣጥን ውስጥ «የላይኛዋ» ብላ ጻፈች፣
በእርሳስ፣ ታስብበት ብላ።

ሴትዮዋ አነበበችው፤ ዝም አለች።
ከዚያ ወገቧን ይዛ፣
«እኔንስ ያመኛል፤ ማን ያሸኛል?» አለች።

ማል-ጃ እጆቿን ብብቷ ውስጥ ከተተች።