ሠላሳ ሁለት ጥያቄ

ሠላሳ ሁለት ጥያቄ በወረቀት ይዤ፣
ከትምህርት ቢሮው ለጥናት ታዝዤ፣
ትሪየስቴ ላይ፣ ቦራ የሚሉት ነፋስ
የሰው ባርኔጣ ነጥቆ ወደብ ድረስ ሲያደርስ፣
ዳገቱን ወጣሁት፤ አጥሩን ተደግፌ፣
ቅጾቼን እንደ ሕፃን በደረቴ አቅፌ።

ደብዳቤው ይላል፦
«የመምህራኑ የቴክኖሎጂ ፍላጎት ይጠና፤
ሥልጠና የሚታቀድ ከዚያ በኋላ ነውና።»
መልካም። አምና ግን ማንንም ሳንጠይቅ
ዲጂታል ሰሌዳ አደልን፣ በጭብጨባ፣ በድምቅምቅ።
ዛሬ ሦስተኛ ፎቅ ገብቼ ሳየው
አንደኛው የካፖርት ማንጠልጠያ ነው።

መጀመሪያ የመጣው ታዴኦ ይባላል፤
ፊዚክስ ያስተምራል፤ ቅጽ ፈጥኖ ይሞላል።
«ይህን ይችላሉ?» «እጅግ በጣም።»
«ይህንስ?» «እጅግ በጣም።» ለማሰብ እንኳ አልቆመም።
ሠላሳ ሁለቱን በአራት ደቂቃ ጨረሰ፤
ብዕሬን መለሰ፤
ሰዓቱን አየና ወደ በሩ ገሰገሰ።

ቀጥላ ገባች ሲኞራ ኔሪና፤
ሁለት ዓመት ይቀራታል ለጡረታ ገና።
ላቲን አስተማሪ፣ መነጽሯ በክር፣
አንዲት ቃል ሳትመዝን የማትናገር።
«‹ይችላሉ› የሚለው ግሥ» አለችኝ፣ «ፍቺው ምንድን ነው?
ብቻዬን ስሆን ነው? ወይስ ሠላሳ ልጅ እያየኝ ነው?
ሁሉም ሲሠራ ነው? ወይስ መረቡ ሲቋረጥ፣
ከኋላ ሲሳቅብኝ፣ እጄ ሲንቀጠቀጥ?»

መልስ አልነበረኝም።
ቅጹ አራት ሳጥን አለው፣ ከ«በፍጹም» እስከ «እጅግ በጣም»፤
«ሲያዩኝ እጄ ይንቀጠቀጣል» የሚል ሳጥን ግን የለም።

ሁሉንም «በፍጹም» አለች። ኋላ ወረቀቱን ገልብጣ፣
ከጀርባው ባዶ ቦታ መርጣ፣
በዚያ በተቀረጸ በሚመስል ጽሕፈቷ፦
«አንዲት ልጅ አለች ክፍሌ፣ ፊት ወንበር ናት ቦታዋ፤
ዓይኗ እየደከመ ነው። መጽሐፉን አፍንጫዋ ድረስ ታስጠጋለች።
ፊደሉን ለሷ ማጉላት እፈልጋለሁ።
ዱሊዮ አንዴ አሳይቶኝ ነበር፤ ረሳሁ።
ሁለተኛ መጠየቅ አፈርኩ።
ይኸው ነው።»

ዱሊዮ ማነው? ስም ዝርዝሬ ላይ የለም።
የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊም አይደለም።
ምድር ቤት፣ ቦይለሩ አጠገብ፣ ከመጥረጊያዎቹ ጋር
ሰላሳ ዓመት ኖሯል፣ በር ሲከፍት፣ በር ሲቆልፍ፣ ሲጠግን የወንበር እግር።
ወገቡ ላይ አርባ ቁልፍ ይንኳኳል፤
ሳይታይ ይሰማል።

«እኔ ጋ ይመጣሉ» አለኝ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣
«ማታ፣ ተማሪው ሲሄድ፤ አንዱ ከሌላው ተሸሽጎ።
‹የይለፍ ቃሉ ጠፋኝ፣ ድምፁ አልወጣ አለኝ› ይላሉ፤
የማውቀውን አሳያለሁ፤ አመስግነው ይሄዳሉ።
ያ ፈጣኑ ልጅ እንኳ፣ ፊዚክስ...» ብሎ ዝም አለ፤
አንዱን ቁልፍ በጣቱ አንከባለለ።
እኔም አልጠየቅኩ።

አውቶቡስ ውስጥ ሆኜ፣ መስኮቱ ሲንገጫገጭ፣
ነፋስ ከውጭ ሲያፏጭ፣
አሰብኩ፦ እኛ ቁልፍ ያልነው በጣት የሚጫኑትን ነበር፤
ለካ ቁልፉ ሰው ኖሯል፣ ምድር ቤት የሚያመሽ፣ ምሥጢር የሚቋጥር።

አለቃዬ አማካዩን ጠየቀች፤ ደመርኩ፣ አካፈልኩ፤
ታዴኦ አራት፣ ኔሪና አንድ፤ ሁለት ተኩል አገኘሁ።
ሁለት ተኩል የሚባል መምህር ግን
ያን ሁሉ ፎቅ ስወጣ ስወርድ አላየሁ።

ስለዚህ ዕቅዱ ላይ የጻፍኩት ይህን ነው፦
«ሐሙስ ሐሙስ አንድ ሰዓት፤ ከማስተማሪያው ጊዜ ተቀንሶ።
ቦታው ምድር ቤት። አሠልጣኙ ዱሊዮ፤ ይከፈለዋል።
በሩ ይዘጋል። ማንም ማንንም አይመዝንም።
የመጀመሪያው ትምህርት፦ ፊደል ማጉላት።»
ሠላሳ ሦስተኛ ጥያቄም አከልኩ፣ ከግርጌ፣ በእጄ፦
«ሲያቅትዎ ማን ጋ ይሄዳሉ?»

ፊርማው እስከ ዛሬ አልመጣም።
ባለፈው ሐሙስ ግን በዚያ ሳልፍ፣ ሲመሽ፣
የምድር ቤቱ መብራት በርቷል።
ደረጃው ሥር ሁለት ካፖርት ተሰቅሏል፤
አንዱ የኔሪና ነው።
ሌላው የማን እንደሆነ አላጣራሁም።