አንድ እርከን ወደ ታች

ሠላሳ አንድ ዓመት በመርከብ ሆድ ውስጥ
ሞተር ሳስታምም፣ ዘይት ሲፈላ ሳዳምጥ
ኖሬ ኖሬ ወጣሁ፣ ጡረታዬ ደርሶ፣
አንድ ጆሮዬ ድኖ፣ ሌላው ጩኸት ቀምሶ።

አሁን ግዲኒያ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣
መስኮቱን ጋርዶታል የጥር አመዳይ።
ያግና፣ የእህቴ ልጅ፣ ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ፣
ሳህን ሙሉ ብሎን በጉልበቷ ከልላ፣
ፕሮሰሰሯን ይዛ፣ የክብሪት ቀፎ ታህል፣
የሙቀት ቅባቱን ጠብ አደረገች መሃል፤
አንዲት የአተር ፍሬ፤ ከዚያ አላለፈም።
«አጎቴ፣ ሲበዛ ይጎዳል እንጂ አይጠቅምም።»
ሳቅ አልሁ በሆዴ፤ ይህን ይህን ምክር
ለስንቱ አዲስ ቅጥር ጮኬያለሁ በባሕር።

ሣጥኑ በራ። ጨዋታው ሮጠ። ሳምንት ደስ አላት።
ከዚያ የታችኛው ቤት ልጅ፣ ቲሜክ፣ መጣና
«የኔ አምስት ነጥብ ሁለት ይሮጣል» አለና
ሄደ።
          እሷ ግን አልተኛችም።

«አጎቴ፣ ፍጥነቱን ከፋብሪካው በላይ
ከፍ ላድርገው?» አለች፤ «ይቃጠል ይሆን ወይ?»
ስለ ጊጋኸርዝ ምንም አላውቅም፤
ስለ ሙቀት ግን ማንም አያስተምረኝም።

«ደብተር አምጪ» አልኳት። «መጀመሪያ ጻፊ፣
ሳትነኪው ስንት ነው? ኋላም እንዳትገፊ
ሁለቱን ባንድ ጊዜ። አንድ እርከን፣ አንድ ብቻ፤
ከዚያ ከባድ ሥራ ስጪው፣ ይልፋ ለብቻ፤
ሙቀቱን ተመልከች። ሰማንያ አምስት ካለፈ
ትመለሻለሽ፣ ቃል ነው። እስቲ ማን አተረፈ
ቀዩን መስመር አልፎ?»

አርባ አራት። አርባ አምስት። ማራገቢያው ያጉረመርማል፤
ሰባ አንድ ዲግሪ፤ እርሳሷ ይሄዳል፣ ይቆማል።
አርባ ስምንት ላይ ቮልቴጁን ጥቂት፣
የፀጉር ያህል ጨመረች፣ በፍርሃት፤
አርባ ዘጠኝ ላይ ስክሪኑ ሰማያዊ ሆነ፤
ከዚያ ጥቁር። ከዚያ ምንም። ልቧም ባከነ።

«ገደልኩት» አለች፤ ከንፈሯ ነጣ፤
የስምንት ወር ደመወዝ፣ የዓሣ ፋብሪካ ጣጣ፣
ባንድ ቁጥር ሄደ ብላ።

የዚያኔ አሮጌው ጆሮዬ ጠቀመኝ፦
ሽታ የለም፣ ጭስ የለም፣ የሚሰነጠቅ ድምፅ አልተሰማኝ።
«አልሞተም» አልኳት፣ «ራሱን ስቶ ነው።
ሶኬቱን ንቀይ።» ማዘርቦርዱ ላይ ሳንቲም የመሰለው
ባትሪ አለ፤ አወጣነው፤ ሻይ ጠጥተን መለስነው፤
የኛን ድፍረት ረስቶ፣ የፋብሪካውን አስታውሶ በራ።
ያግና «አርባ ስምንት» ብላ ጻፈች፣ እጇ እየፈራ።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ደግ ነበር፤ አላለቀም።
ጥር ረዳታችን ነበር፤ ያንን አላወቅንም።

ሐምሌ ሲመጣ፣ የጡቡ ግድግዳ
ሌሊት ሙቀቱን ሲተፋ እንደ አሮጌ ዕዳ፣
ያው አርባ ስምንት፣ ያው ቮልቴጅ፣ ያው ማራገቢያ፣
ዘጠና ሦስት ዲግሪ!
ጨዋታው ቀጥ አለ፣ እንደ እልኸኛ አህያ።

አፈርኩ በራሴ። የሞተሩን ላብ የሚያጥበው ባሕር
ሲንጋፖር ላይ ሌላ፣ ባልቲክ ላይ ሌላ እንደነበር
ለስንቱ ነግሬ፣ ለእሷ ግን ረሳሁ፤
ጥፋቴን ስነግራት ሳቋ ሲመጣ ሰማሁ።
«የክፍሉ ሙቀት የሚል ዓምድ አልነበረንማ» ብላ
መስመር አሰመረች በደብተሩ ጠርዝ፣ አዲስ ዓምድ አክላ።

ከዚያ አንድ እርከን ወደ ታች። አርባ ሰባት።
ቮልቴጁም አብሮ። ሰማንያ አንድ ዲግሪ፣ ሙሉ ሌሊት።

ቲሜክ? የሱ አምስት ነጥብ ሁለት በሰኔ ዝም ብሏል፤
ማዘርቦርዱን አቅፎ ደረጃው ላይ ተቀምጧል።
ያግና የብሎን ሳህኗን ይዛ ወረደች።
እኔ ከአራተኛ ፎቅ፣ በደኅናው ጆሮዬ፣
የራሴን ቃል ሰማሁ፣ በሷ አፍ፣ ያለ ቁጣዬ፦

«ደብተር አምጣ።»