በክር የተለካች ደሴት

ሠላሳ አንድ ዓመት ካርታ ሠርቼ፣ ባሕር ያላየሁ ሰው ነኝ፤
ጠረፍ በቀለም ሳሰምር፣ ማዕበል እግሬን ያልነካኝ።
ጡረታ ብለው ሲሸኙኝ፣ ከመሥሪያ ቤቱ ስወጣ፣
የውሃው ሰማያዊ እርሳስ አብሮኝ በኪሴ መጣ።

ዘንድሮ ያ እርሳስ ሥራ አገኘ፤ ለገሃር ካለች ሻይ ቤት
ከብርጭቆዬ አጠገብ ተዘረጋች አንዲት ደሴት።
ሴንት ሉሲያ ይሏታል፤ የወንድሜ ልጅ ማኅደር
ነርስ ሆና፣ ባል አግብታ፣ የከተመችባት አገር።
«አጎቴ፣ ከእትዬ ጋር ለሰባት ቀን ኑልኝ» ብላ
ትኬቱን በስልኬ ላከች፣ ከነደረሰኙ ጠቅልላ።

ከአስካለ ነጠላ ጫፍ አንዲት ክር መዘዝኩ በስውር፤
(ቀጥታው በማስመሪያ ነው፤ ጥምዙ የሚለካው በክር።)
ከሰሜን እስከ ደቡብ ጫፍ፣ አገር ይህችን ታህል?
አርባ ሦስት ኪሎ ሜትር! ከፒያሳ የተነሣ ሚኒባስ
ደብረ ዘይት ሳይገባ አገሩ ያልቅበታል።
«ይህችንማ» አልኩ «ምን አላት፣ በሁለት ቀን ነው የምጨርስ።»

ሰኞ፦ ጠዋት ገበያ፣ ቀጥሎ ምሽግ፣ ከሰዓት ፏፏቴ፣
ማታ ተራራ ሥር እራት... ጣልቃ ገባች ሚስቴ።
«ይሄ ምንድነው ወሰንየለህ? ዘመቻ ነው ወይስ ሽርሽር?
መቼ ነው እኔ የምቀመጥ፣ ዝም ብዬ፣ ከባሕሩ ዳር?»

ማክሰኞ፦ ሱፍሬ ከተማ። ከእሳተ ገሞራው ሥር
የሚፈላ ጭቃ አለ፤ ተቀብቶ፣ ቆይቶ፣ መታጠብ ነው።
አስካለን ሻይዋ ትን አላት። «ስንት አገር አቋርጠን፣
ሁለት ሌሊት አየር ላይ አድረን፣ እግራችን አብጦ፣ ደክመን፣
ፍልውሃ ልንታጠብ ነው? ይኸው እዚህ፣ በእግር መንገድ፣
ሳሙናችንን ይዘን መሄድ!»
የሰረዝኩት ግማሹን ነው። «ጭቃው ግን» አልኩ «እዚህ የለም።»
«ክረምት ጠብቅ» አለችኝ።

ረቡዕ፦ ጀልባ። «ሁለት ሰዓት» ብዬ ለማኅደር ጻፍኩ፤
«በሁለትማ ተመልሷል፤ የሚነሣው በስምንት ነው» ይላል ያነበብኩት መልስ።
ስምንት ለእኔ ምሳ በልቼ ጋደም የምልበት ነው፤
ለካ ያው አንድ ጀልባ፣ ያው አንድ ጠዋት፣ ቆጠራው ነው ሁለት የሆነው።
ልጅቷ ድሮ በእኛ ሰዓት ነበር ለትምህርት የምትነቃ።
ይህን አስቤ ዝም አልኩ። ትንሽ ነገር ናት። እዚያው ላይ በቃ።

ዓርብ፦ አንስ ላ ሬ በምትባል የአሣ አጥማጆች መንደር
ማታ መንገዱ በሙሉ ይሆናል የመጥበሻ ሰፈር።
እርሳሴ እዚያ ላይ ቆመ። አስካለ ዝም። እኔም ዝም።
«አሣ እኮ...» አልኩ። «አውቃለሁ» አለች፣ «አትጀምረኝ ደግሞ ዛሬም።»
ከሠርጋችን የሚቀድም፣ ያላለቀ ክርክር ነው፤
ዓርብ ፊት የጥያቄ ምልክት አስቀመጥኩ፤ ቀኑ ይፍታው።

ሒሳቡንስ ማን ይንካው! ባንኩ የሰጠን ቆጥሮ ነው።
ትናንት በብሔራዊ ሳልፍ፣ ግንብ የተደገፈ ጎረምሳ
«ጋሼ፣ ዶላር? ዶላር?» አለኝ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ቀንሶ፤
ምን ታየው እኔ ላይ? የጫማዬ ጫፍ አሸዋ ለብሶ?

ዛሬ የማኅደር ድምፅ ደረሰ፦ «አጎቴ፣ ክሩን መልሰው።
እዚህ መንገድ ቀጥ አይልም፤ ጋራ ይወጣል፣ ይወርዳል፣
ዝናብ ሳይጠራ ይመጣል፣ መኪናው በግራ ይሄዳል፤
አርባ ሦስቱ ኪሎ ሜትር ግማሽ ቀን ይበላል፣ ለማያውቀው ሰው።
በቀን አንድ ቦታ። አንድ። ሌላው አይሸሽም፣ ደሴት ነው።»

ከአስተናጋጁ ላጲስ ለመንኩ። ምሽጉ ጠፋ፣ ፏፏቴው ጠፋ፤
ፒቶን የሚሏቸውን መንታ ተራሮች እጄ አልደፈረም።
ሐሙስ ነጭ ሆኖ ቀረ። ልሞላው እርሳሴን ሳነሣ
አስካለ ብርጭቆዋን ካርታው ላይ አሳረፈች፣
ከደሴቷ በስተ ምዕራብ፣ ስም ባልተጻፈበት ባሕር፣
እኛ ሁልጊዜ መጨረሻ ቀብተን በምናልፈው።
ስታነሣው ቀለበት ቀረ፣ እርጥብ፣ የሻይ ቀለም ያለው።
«እዚህ ነኝ» አለች «ሐሙስ። እስከ ቁርጭምጭሚቴ ገብቼ።
ከመጣህም ና፤ ሰዓት ግን እንዳትይዝ።»
ከዚያ ጫፏን አየችና፦ «ነጠላዬን ማን ተረተረው?»