ሰሌዳው ላይ ያለው ከተማ

አባቴ መካኒክ ነው፣ የሽመና ማሽን፤
ሠላሳ አንድ ዓመቱ፣ ሲፈታ ሲገጥም፣ ሲቀባ ዘይቱን።
ጆሮው ደክሟል፣ ከኳኳታው ብዛት፤
ምስጢር እንኳ ሲወራ፣ በጩኸት ነው እኛ ቤት።

ምሳውን በሰሐን ቋጥሬ ሳደርስ፣ በልጅነቴ፣
ማሽኑ ግንባር ላይ የናስ ሰሌዳ አሳየኝ አባቴ፤
የፈረንጅ ፊደል ተቀርጾበታል፣ ቅባት የጠጣ፤
«ይኼ አገሩ ነው» አለኝ፣ «ከዚህ ነው የመጣ።»
ካርል ማርክስ ሽታት።
ፊደል በፊደል ቆጠርሁት፣ በጣቴ ዳሰስሁት፤
ሌላው ልጅ መዝሙር ሲያጠና፣ እኔ ይህን ሸመደድሁት።

ሰባተኛ ክፍል ሆኜ፣ ከመምህር ጣሂር ካርታ
ፈለግሁት፣ ከባሕር እስከ ተራራ፣ ከጧት እስከ ማታ፤
የለም።
«ከተማ ይጠፋል ወይ?» ብዬ ጠየቅሁት መምህሩን፤
«ከተማስ አይጠፋም፤ አገር ሲገለበጥ፣ ይቀይራል ስሙን።»

ዛሬ ኬምኒትስ ነው የሚባል። ያንን ያወቅሁት ኋላ፣
ምሕንድስና ስማር፣ እዚሁ ኮምቦልቻ፣ ከጊቢው ግራር ጥላ፤
ማስታወቂያው ሲለጠፍ፦ ሦስት ወር ልምምድ፣ ጀርመን አገር፣
ለአንድ ተማሪ ብቻ፣ የቤት ኪራይ፣ የትራም ካርድ ጭምር።

ዶርም ውስጥ ወሬው ሌላ ነው።
ፎዚያ «በረዶ» አለችኝ፣ «ነጭ ካፖርት ግዢና ፎቶ ተነሺ»፤
ትርንጎ ደግሞ በጆሮዬ፣ «ሞኝ አትሁኚ፣ እዛው ቅሪ፣ እንዳትመለሺ።»
አክስቴ ዘሀራ ከደሴ ወርዳ፣ ሐረጎን በሚኒባስ ዞራ፣
ዱዓ አደረገች፣ ለቪዛው፣ ለብርዱ፤ «ፈረንጅ ባል ግን አደራ!»

አልዋሽም፣ እኔም አምሮኛል። ሌሊት ስልኬን ደብቄ፣
መንገዱን በሳተላይት ሄጄበታለሁ፣ በጣቴ ተጠንቅቄ፤
ከባቡር ጣቢያ ወደ ግራ፣ ዳቦ ቤት፣ ድልድይ ተሻግሬ፣
ማንም «የማን ልጅ ነሽ?» ሳይለኝ፣ ብቻዬን፣ በገዛ እግሬ።
ደግሞ ማየት እፈልጋለሁ፣ ስሙ የተቀየረ ከተማ፣
ሽማግሌዎቹ በድሮ ስሙ ሲጠሩት፣ ዞር ይል እንደሁ ሲሰማ።

ቃለ መጠይቁ ማክሰኞ ሆነ፣ መብራት በጠፋበት ሰዓት፤
ከቤተ መጻሕፍቱ ደረጃ ጫፍ ቆሜ፣ ኔትወርኩን በሆዴ እየለመንሁት።
«ለምን የኛን ከተማ መረጥሽ?» አለችኝ ሴትዮዋ።
ያጠናሁት መልስ ነበረኝ፤ በነነ።
ኪሴ ገባሁ፤ አወጣሁት፣ አባቴ በሞረድ የሳለውን ጥርስ፣
ከአሮጌ አይሱዙ ባሌስትራ የቆረጠውን፣ መለዋወጫው እስኪደርስ።
እስኪደርስ ሃያ ዓመት አለፈ።
ሁለት ነበር የሠራው፦ አንዱ ማሽኑ ሆድ ውስጥ የሚዞር፣
አንዱ ይኼ፣ ለክፉ ቀን የተቀመጠ፣ ከአልጋው ሥር።

ዝም አለች። ኔትወርኩ የሄደ መሰለኝ።
ከዚያ በቀስታ፦ «እሱ እኛ ጋ ሙዚየም ነው፣ በቀይ ገመድ ታጥሮ፤
ቆሟል እኮ፣ ከቆመም ስንት ዓመት ተቆጥሮ።»
ሳላስበው ጮኽሁባት፣ እንደ ቤታችን አመል፦
«የኛው ዛሬ ሌሊት ገቢ ነው፤ እስኪነጋ ይሸምናል!»

ደብዳቤው ትናንት ደረሰ። ለአባቴ ጮኼ ነገርሁት፤
ሰማ አልሰማም፣ አላውቅም፤ እጁን በጨርቅ ሲጠርግ አየሁት።
«ሙዚየም?» አለ። «ቆሞ? ዝም ብሎ?»
የሩቅ ዘመድ መርዶ እንደ ሰማ ሰው፣ ተቀመጠ ቀስ ብሎ።
«እንግዲያው ዘበኛው ዞር ሲል፣ ገመዱን አልፈሽ ንኪው፤
ግራ ጎኑን ነው የሚያመው፤ እዚያ ጋ ዳብሺው።»

ሐሙስ እነሣለሁ። ሻንጣዬ ሃያ ሦስት ኪሎ ነው የተፈቀደው፤ አለፈ።
እናቴ በርበሬውን ቀነሰች፤ ጥርሱ ግን ተረፈ።