ከሠላሳው ሁለቱ

ሻርጃ፣ ሰናዓያ፣ ከጎማ ቤቱ በላይ፣
ከሌሊቱ አምስት ሰዓት፣ አንድ ሳጥን ጠረጴዛዬ ላይ።
ከቤተ ሙከራ መጥቷል፣ ወረቀት ተለጥፎበት፤
«ይጮኻል» ይላል ብቻ፣ ሌላ ቃል የለበት።
ውጭ ሠላሳ ሰባት ዲግሪ፤ ውስጥ ሹራብ ለብሻለሁ፤
መስኮቱን በውጭ በኩል ሲያልበው አያለሁ።

ሥራው የመልእክተኛ ነው፦
በሹክሹክታ የነገሩትን ሺህ እጥፍ አጉልቶ ማድረስ፣
ከራሱ ሳይቀጥል፣ ቃል ሳያፈርስ።
አሁን ግን መቀጠል ጀምሯል፤
ከሰማው ይልቅ የራሱን ያወራል።

መጀመሪያ መግቢያውን መዝጋት ነው ደንቡ።
ጆሮውን ደፈንኩት፤
ማንም ሳያናግረው የሚያወራውን ጠበቅኩት።
ኤሲውን አጠፋሁ።
አምፖሉን አጠፋሁ።
ስልኬን ኮሪደር አስቀምጬ በእጅ ባትሪ ቀረሁ።
ጩኸቱ እንዳለ ነው።
እንግዲህ ከውስጥ ነው።

ፍጹም ዝም የሚል ነገር የለም ያለኝ ቢጁ፣
የኬረላው ሰው፣ ካውያ ያስያዘኝ እጄን ይዞ በእጁ፦
«ሙቀት ባለበት ሁሉ ኤሌክትሮን ይራወጣል፤
ከምንም ያልተቀጠለ ሬዚስተር እንኳ ለብቻው ያወራል።»
«እንደ ሽሮ ይንተከተካል በለኛ» አልኩት።
ሽሮ ምን እንደሆነ ሳስረዳው አመሸሁ።

ካቻቪቴ። ስድስት ብሎን፣ አንዱ የለም።
ክዳኑ ውስጥ፣ በእስክሪብቶ፣ የቢጁ ጽሕፈት፦
ቀን፤ ከቀኑም ሥር፣ አራት ነጥብ አንድ ናኖቮልት።
የመኖሪያ ፈቃዱ ሳይታደስለት
ሊሄድ ሦስት ሳምንት ሲቀረው የጻፈው።
ወንበሩ ላይ አሁን እኔ ነኝ።
ተካልኝ ለምላሱ ስለረዘመበት
«ተካ» ነበር የሚለኝ፤
በእኛ ቋንቋ ምን ማለት እንደሆነ አልነገርኩት።

በአጉሊ መነጽር አገኘሁት።
መግቢያው ላይ መንታ ትራንዚስተር ተቀምጧል፤
አንደኛው ተመቷል።
የሆነ ተማሪ ምንጣፍ ላይ ተራምዶ መጥቶ
ነካው፣ በጣቱ ብልጭታ መያዙን ሳያውቅ።
አልሞተም። ቢሞት ዝም ይል ነበር፤
ቆስሎ ነው የሚጮኸው።
ደህናውም ከባዕድ ጋር አይሠራም፤ ሁለቱም ይነሳሉ።
ፋብሪካው ደግሞ እንዲህ ያለ መንታ መውለድ
ካቆመ ዘመን የለውም።

ሠላሳ ነጠላ ትራንዚስተር
በእንቁላል ካርቶን ደረደርኩ፣ ቁጥር ሰጥቼ።
የጣቴ ሙቀት እንዳያሳስታቸው በወረንጦ አነሳለሁ፤
ሰክቼ፣ አምስት ደቂቃ እስኪረጋጉ እጠብቃለሁ።
አንዱ ይቸኩላል፣ አንዱ ያንቀላፋል፣
አንዱ እንደ ደላላ በየደቂቃው ዋጋ ይለውጣል።
ሰባት ቁጥርና ሃያ ሁለት ቁጥር ብቻ
በአንድ ልብ መለሱ።
ሙቀታቸው አንድ እንዲሆን
ጀርባ ለጀርባ አጣብቄ
በመዳብ ሽቦ አሰርኳቸው።
ሲበየድ ጭሱ ዓይኔ ገባ።

አዛን ሲጠራ ለካሁ፦
አራት ነጥብ ሦስት።
የብየዳውን ዝቃጭ በጥጥና በአልኮል አጠብኩ።
አራት ነጥብ ሦስት።
ክዳኑን ነገ ማን ይከፍተዋል? ማንስ ያያል?
ግን ከቢጁ ቁጥር ሥር እንዳለ ጻፍኩት፣
ሦስቱን ሦስት ብዬ።
ፎቶ አንስቼ ትሪሱር ላክሁለት።
በዚህ ሰዓት ይነቃል፤ ሕፃን አለው።

መልሱ አልቆየም፦
«ተካ፣ ክፍሉ ስንት ዲግሪ ነው?»

ቀና አልኩ።
ማታ በውጭ በኩል ሲያልበው የነበረው መስኮት
ደርቋል፤
ላቡ ወደ እኔ ዞሯል።