ኖራ

አሌንቴዡ ሜዳ፣ ከቡሽ ዛፎች መሃል፣
መንደራችን ነጭ ነው፤ ዐይን ይወጋል።
ነጭ ያደረገችው ፌሊዝሚና ናት፣
በመጥረጊያ ዘንግ ጫፍ ብሩሽ አስራበት።
ፋሲካ ሲቃረብ በርሜል ሙሉ ኖራ
አፍልታ ትወጣለች በቤቶቹ ተራ።
የኛንም ግድግዳ ስትቀባ ከላይ
እኔ መሰላል ያዥ፤ «ቀና ብለህ አትይ!»

መሰላሉን መውጣት አቅቷታል አሉ፤
ጉልበትና ዳሌዋ ሌት ይማከራሉ።
ኩላሊቷ ጠጠር ሁለት ጊዜ ጣለ፤
«እርጅና ነው» ብሎ ሰው ሁሉ አቃለለ።

ደሟን ስንመረምር እኔ ነኝ ያየሁት፣
ኤቮራ፣ ምድር ቤት፣ ከማሽን ፊት ለፊት፦
ካልሲየሙ በዝቷል፣ ከልኩ በጣም አልፎ፤
የገዛ አጥንቷ ነው፣ እንደ ልስን ረግፎ።

አራት እጢዎች አሉ ከታይሮይድ ጀርባ፣
ምስር የሚያካክሉ፤ ማን ከቁጥር ሊያስገባ?
ሦስቱ ተኝተዋል፤ አንዷ ግን አልተኛች፣
«ኖራ አምጡ! ኖራ አምጡ!» እያለች ታዛለች።

ድሮ ቢሆን አንገት ከዳር ዳር ተከፍቶ
አራቱም ይታያል፣ ግማሽ ቀን ተለፍቶ።
አሁን በመርፌ ቀለም ጠቆሟት በስዕል፤
ግራ፣ ታችኛዋ ነች፣ የፍም ነጥብ ታህል።
ዶክተር ኖጌይራ የአንገቷን ሽብሽብ
ተከትላ ከፈተች፣ እንደ ቁልፍ ቀዳዳ ጠባብ፤
አውጥታ አኖረቻት በብርጭቆ ሳህን፣
ከዚያ እጇን አጣምራ ጠበቀች፤ እኛን።

ዐሥር ደቂቃ ነው። የደሟን ብልቃጥ
ደረጃ ለደረጃ ታቅፌ ስሮጥ፣
ማሽኑ ሲያጉረመርም ቆሜ ስጠባበቅ
(የላቦራቶሪ ሰው አይጸልይም ይላሉ፤ እንጃ፣ አይታወቅ)
ሁለት መቶ ዐሥራ ሁለት የነበረው ቁጥር
ሠላሳ ስምንት ገባ።
«ስፉት!» አልኩ በስልክ፣ ሳልጨምር ሌላ ነገር።

ማታ ክፍሏ ገባሁ። ከንፈሯን ይነዝራታል፤
«አጥንቴ ተርቧል» አለች፣ «ያገኘውን ይጠጣል።
ምን ያህል ነበረች?»
                    «ምስር ታህላለች።»
«ምስር ናት ቤቴን ልሳ የጨረሰች?»

ሰባ አንድ ዓመት ሙሉ ለሰው ግድግዳ ኖራ፣
ዘንድሮ ለአጥንቷ ደረሰ የኖራው ተራ።

«መሰላሉን ያዝልኝ ፋሲካ ሲደርስ፤
ቀና ብለህ አትይ፣ ዐይንህ ውስጥ እንዳይፈስ።»
እሺ አልኩ። ፕላስተሩን በጥፍሯ እየለካች፣
«ደህና ደፍነውታል፤ አንድ እጅ ይቀረዋል» አለች።