ሦስት ሰው

ቡሪሶ ባጃጁን አቶቴ አቁሞ፣
«ሁለት ሰው! ሁለት ሰው!» ይጣራል ደጋግሞ፤
ሦስት ካልሞላለት አያስነሳም ሞተር።
እኔ ከኋላ ነኝ፣ ጭኔ ላይ ኮምፒውተር።

ስድስት ወር ሆነኝ ካንዲት ባክቴሪያ ጋር፣
የፕሮቲን ጅማሮ በቀመር ስቆጥር፦
ራይቦዞም፣ ግማሹ፣ መልእክቱን ጨብጦ፣
ሦስት አጋዥ ይጠብቃል ደጃፉ ተቀምጦ፤
ሲሞሉ ነው ንባቡን ሀ ብሎ የሚጀምር።
አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ብዬ በተራ አሳፈርኳቸው፤
ኩርባዬ ከመረጃው ጋር ተኳርፎ ቀረ።

አንዲት ሴት ገባች፣ ያሞራ ገደል ዓሣ በፌስታል ይዛ።
«አንድ ሰው!» አለ ቡሪሶ።
ጠበቀች። ጠበቀች።
«በሐዋሳ ሙቀት? ዓሣዬ ሊሸት ነው» ብላ ወረደች።
«ሁለት ሰው!»

ለካ የሚወርድም አለ።
የሚገባውን ብቻ ስቆጥር ከርሜ፣
ታክቶት ለሚወርደው ቀመሬ ውስጥ በር አልተውኩም፤
መመለሻ ቀስት የለ፣ የመውረጃ ፍጥነት የለ፣
የተሳፈረ ሁሉ የሚደርስ መስሎኝ።

ባትሪው አራት ፐርሰንት።
መዳፌ ላይ በእስክሪብቶ ጫርኩና
ሶኬት ፍለጋ ዘልዬ ወረድኩ።
ከኋላዬ የቡሪሶ ድምፅ ተሰነጠቀ፦
«ኧረ ሦስት ሰው!»